መስተዋት ትሆናለች

በወርዘላ ምድር፥ ንግሥት ዘምራ በነገሠች በሰባተኛው ዓመት፥ በመከር መግቢያ፥ የአገሪቱ መስተዋት ሁሉ በአንድ ማለዳ ታወረ።

ፀሐይ እንደ ልማዷ ወጥታ ነበር። በሰማዩ ላይ ደመና ቀርቶ የወፍ ጥላ እንኳ አልነበረም። ሆኖም በቀይ ድንጋይ በታነጸችው በሰማይጌ ከተማ የየመስኮቱ መስተዋት እንደ ሞተ ዓሣ ዓይን ነጣ፤ ብርሃኑ ደጅ ቆሞ ቀረ። ሙሽሮች ሊኳሉ ቢቀመጡ በእጃቸው የያዙት መስተዋት ፊታቸውን ከለከላቸው። ቤተ መንግሥቱ በቀትር ጧፍ አበራ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሕዝቡ በቻለው ነበር። በሰባተኛው ቀን ግን ከታወሩት መስኮቶች ጀርባ የሚኖሩ ሰዎች የገዛ ዓይናቸው ይፈዝ ጀመር። መጀመሪያ አረጋውያን፥ ከዚያም የሚጠቡ ሕፃናት። እናቶች ልጆቻቸው ጡት በዳበሳ ሲፈልጉ አይተው አለቀሱ፤ ጥቂት ቆይቶም ያለቀሱት ራሳቸው ማየት ተሳናቸው።

ያን ጊዜ ንግሥቲቱ መሳፍንቱንና ባለሙያዎቹን ወደ ዙፋን አዳራሽ ጠራች። አለቃ ስብሐቱ የሚባሉት የቤተ መንግሥቱ ሊቅ በአዳራሹ ወለል ላይ የተተከለውን የጥንት ድንጋይ በጣታቸው እየዳሰሱ፥ በሚያስተጋባ ድምፅ አነበቡ፦

«መስተዋት በታወረ ጊዜ ከአንድ እቶን ሁለት ሴቶች ይውጡ። ወደ ጸዓዳ ተራራም ይሂዱ። የተመረጠችው መስተዋት ትሆናለች፤ ምድሪቱም ታያለች።»

አዳራሹ በሙግት ተናጠ። «መስተዋት» የሚለው ቃል በወርዘላ ብዙ ፊት ነበረው። የእልፍኝ እመቤቶች ፊታቸውን የሚያዩበት ነው ሲሉ፥ አናጢዎች በመስኮት የሚገጠመው ነው አሉ። መሳፍንቱ ግን ሦስተኛ ትርጉም ነበራቸው። ከዙፋኑ በስተ ቀኝ አንድ ወንበር ይገኛል፤ በእሱ ላይ የሚቀመጥ ሰው ለነጋሢው እውነቱን ፊት ለፊት ሳይፈራ ስለሚናገር «የንግሥት መስተዋት» ይባላል። ወንበሩ ባዶ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል። የተመረጠችው እንግዲህ በዚያ ላይ ትቀመጣለች ማለት ነው፥ ብለው ተከራከሩ።

ከእቶን ሰፈር ሰዎች መካከል የቆመችው ትብለጥ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ወደ ባዶው ወንበር አነሣች፤ ከሰው ሁሉ በልጣ መታየት የልጅነት ምኞቷ ነበር። አባቷ ሊቀ እቶን አጥናፉ የአገሪቱ ታላቅ መስተዋት ሠሪ ነው። በእቶኑ የሚሠሩ ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንዷ እሷ፥ ሁለተኛዪቱም የአክስቷ ልጅ ወለላ።

ወዲያው የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ዞረ። የዞረው ወደ ወለላ ነበር።

ለትብለጥ ስሟን ያወጣላት አባቷ ነው፤ ከሰው ሁሉ ትብለጥ ብሎ። እስከ ሰባት ዓመቷም ስሟን አምናው ኖረች። በሰባት ዓመቷ ግን የአባቷ እህት፥ እትዬ ማዘንጊያ፥ ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ይዛ እቤታቸው ገባች። ልጅቱ፥ ወለላ፥ በገቡ በሳምንቱ የመንፊያውን ብረት አንስታ የቀለጠውን መስተዋት ነፋች፤ የወጣውም ዋንጫ ውሃ የሞላው እስኪመስል ድረስ ጥርት ያለ ነበር። አጥናፉ ዋንጫውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ፈገግ አለ። ትብለጥ ያንን ፈገግታ ከዚያ ቀን በፊት አይታው አታውቅም፤ ከዚያ ቀን በኋላም ወደ እሷ ዞሮ አላየችውም። የወለላ ዋንጫ በመደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የትብለጥ ግን አረፋ ስለ ነበረበት ተመልሶ ወደ እቶኑ ተጣለ።

ሁልጊዜ አረፋ ይኖርበታል። ምንም ብትጠነቀቅ፥ ትንፋሿን ምንም ብትመጥን፥ በሆነ ቦታ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል አንዲት አረፋ ትቀራለች። ይበልጥ የሚያቃጥላት ደግሞ የወለላ ደግነት ነበር። «ያንቺ ቀለሙ ያምራል እኮ» ትላታለች። ክፉ ብትሆን በጠላቻትና ባረፈች ነበር።

ንግሥቲቱ ከዙፋኗ ተነሣች። «የእቶን ልጆች! ትምላላችሁን?»

«በዘውድዎ እምላለሁ!» አለች ትብለጥ ቀድማ። «ምድሪቱ ሳታይ ዓይኔ እንቅልፍ አይይ!»

ወለላ ግን መጀመሪያ ወደ እናቷ ተመለከተች፤ ከዚያም በቀስታ «እሄዳለሁ» አለች። አዳራሹም ያጨበጨበው ለእሷ መሰለ።

መንገድ መሪ ሆኖ የተሰጣቸው አያ ቢተው የሚባል አንድ ዓይና ጦረኛ ነበር። በወጣትነቱ እስከ ጸዓዳ ተራራ ግርጌ የዘለቀ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ጉዞ ስለ ቃሉ ሲከራከሩ ሰምቶ ሳቀ።

«ለእኔ መስተዋት ማለት ብርሌ ነው፤ ያውም ጠጅ ያለበት» አለ። «የተቀረውን እናንተ ታውቃላችሁ።»

ወለላ ከልቧ ሳቀች። ትብለጥ ግን ሽማግሌው ቀልዱን ሲናገር ያየው ወለላን መሆኑን ልብ ብላ ነበር።

የሐመድን በረሃ በአራት ቀን፥ የእንቅብ ገደልን በሁለት ቀን ተሻገሩ። በገደሉ አፋፍ የመጀመሪያውን ጽልም አገኙ። ጽልም ከጉምና ከረኃብ የተሠራ አውሬ ነው፤ ጥፍር አለው እንጂ ሥጋ የለውም፥ የሚበላውም የሰውን ብርሃነ ዓይን ነው። ግራጫ ሆኖ ከድንጋይ ሥር ተነሥቶ ወደ ወለላ ሲወረወር ትብለጥ ከሁሉ ቀድማ አየችው። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። አንዲት ቅጽበት ብቻ። አያ ቢተው በችቦው እሳት መታው፥ አውሬውም እንደ ጢስ ተበተነ።

«አላየሽውም ነበር?» አለ ሽማግሌው ወደ ትብለጥ ዞሮ።

«አላየሁትም።»

ወለላ እጇን ያዘቻት። «እንኳን አንቺን አልነካሽ» አለቻት። ትብለጥ እጇን በቀስታ አስለቀቀች።

በዘጠነኛው ቀን ከተራራው ግርጌ ደረሱ። ማለዳ ላይ ትብለጥ ውሃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ብቻዋን ወረደች፤ በዚያም ነጭ የለበሰች አሮጊት ተቀምጣ አገኘች። የተራራው ጠባቂ ነበረች።

«መጣችሁ?» አለች አሮጊቷ። «ስንት ናችሁ?»

«ሁለት ነን፥ እናቴ። አንዳችን መስተዋት ትሆናለች ተብለናል። ትርጉሙን ያውቁት ይሆን?»

«አውቀዋለሁ። ይህ ተራራ መስኮት አለው፥ ልጄ። ከመስኮቱ ማዶ የጽልሞች አገር ነው። አባቶቻችን ብርሃን እንዲገባ፥ ጽልሞቹ ግን እንዳይገቡ በመስኮቱ ላይ መስተዋት ገጠሙለት። በወርዘላ ያለው መስተዋት ሁሉ የዚያ ልጅ ነው። በመከሩ መግቢያ ምድር ተናውጣ ሰበረችው፤ እናት ስትሞት ልጆቹ ታወሩ።»

«እንግዲያማ አዲስ እንሠራለን! እኛ መስተዋት ሠሪዎች ነን።»

«ትሠራላችሁ። እቶኑ ከላይ ነው፥ በተራራው በራሱ እሳት ይነድዳል። ነገር ግን የምትነፋው ሴት ትንፋሿን መልሳ አትስበውም። ነፍሷ በመስተዋቱ ውስጥ ትቀራለች። መስተዋት ትሆናለች የተባለው ይህ ነው። ወንበርም አይደለም፥ ማዕረግም አይደለም።» አሮጊቷ ፊቷን ወደ ምንጩ መለሰች። «ሁለት የተላካችሁት አንዳችሁ ወሬውን እንድትመልስ ነው።»

ትብለጥ እንስራዋን ሳትሞላ ብዙ ቆመች። መጀመሪያ የመጣባት ፍርሃት ነበር። ከፍርሃቱ በኋላ ሌላ ሐሳብ ገባ፤ በጓሮ በር ሾልኮ እንደሚገባ ሌባ ገባ። ከዚህ በኋላ በእቶኑ አንዲት ሴት ብቻ ትቀራለች የሚል ሐሳብ ነበር። ልታባርረው ፈለገች፤ ግን አላባረረችውም።

ስትመለስ ወለላ እሳት ዳር ተቀምጣ ጫማዋን ትጠግን ነበር። ትብለጥ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ወለላ» አለች። «ሳስበው ቆየሁ። የተመረጥሽው አንቺ ነሽ። ከእኔ ትበልጫለሽ፤ ከሁላችንም። ከላይ ስንደርስ ብረቱን አንቺ አንሺ፥ እኔ እረዳሻለሁ።»

ወለላ መርፌውን ጣለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። «ከልጅነቴ ጀምሮ» አለች «ይህን ቃል ካንቺ አፍ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። የአጎቴ ምስጋና እኮ አንድ ቀንም ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እሱ ባመሰገነኝ ቁጥር አንቺ ከእኔ ትርቂ ነበር።»

ትብለጥ ታቅፋ ተቀመጠች፤ የወለላ እንባ በአንገቷ ላይ ሲወርድ እየተሰማት።

አቀበቱን በቀትር ጨረሱ። ጸዓዳው ተራራ ከጫፉ ላይ የተቦረቦረ ነበር፤ በዋሻው መጨረሻ ክብ መስኮት ተከፍቷል፥ ከመስኮቱም ማዶ ግራጫ ጉም እንደ ባሕር ይናወጣል። መሬቱ በተሰባበረ የጥንት መስተዋት ተሸፍኗል። በግራ በኩል እቶኑ ይነድዳል፤ አጠገቡ ነጭ አሸዋ፥ ወናፍና ረጅም የመንፊያ ብረት አለ። ጽልሞቹ የሰው ዓይን እንደ ሸተታቸው ወደ መስኮቱ ጎረፉ።

አያ ቢተው በአንድ እጁ ጦር በሌላው ችቦ ይዞ በመስኮቱ ላይ ቆመ። «ፍጠኑ!» ሲል ጮኸ። «አንድ ዓይን ነው ያለኝ፤ እሱንም ቢሆን ለዘላለም ልሰጣቸው አልችልም!»

ወለላ አሸዋውን አቅልጣ ብረቱን ነከረችው። የቀለጠው መስተዋት በብረቱ ጫፍ ላይ እንደ ማር ተንጠለጠለ። ወደ ከንፈሯ አነሣችው። ያኔ ትብለጥ ክንዷን ያዘች።

«አትንፊ!»

«ምን ሆንሽ?»

«የምትነፋው ትሞታለች። ትንፋሿ አይመለስም። ጠባቂዋ ነግራኛለች፤ ዛሬ ጠዋት ከምንጩ ዳር ነግራኛለች። ደብቄሽ ነው። እንድትሞቺ ፈልጌ ነው።»

ወለላ ለጥቂት ጊዜ የሰማችው ያልገባት መሰለች። ከዚያ ብረቱን አስቀምጣ በጥፊ መታቻት፤ በሙሉ ኃይሏ መታቻት።

«እኔ እኮ አለቀስኩ!» አለች። «አንገትሽን አቅፌ አለቀስኩ! አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅሁት ደግ ቃል ይህ ነበር?»

ትብለጥ ብረቱን ከመሬት አንሥታ ወደ እቶኑ ሄደች። «እኔ እነፋለሁ» አለች። «አንቺ ውረጂ። ወደ እናትሽ ሂጂ።»

ነፋችም። በመጀመሪያው ትንፋሽ ጉልበቷ ሸሸ፤ በሁለተኛው የልጅነቷ ቀኖች አንድ በአንድ ከደረቷ ሲወጡ ተሰማት። መስተዋቱ እንደ ጨረቃ አበጠ። አሽከርክራ ጠፍጣፋ አደረገችው፥ እየተንገዳገደችም ወስዳ በመስኮቱ ላይ ገጠመችው። ጉሙ ቆመ። አያ ቢተው ጦሩን ዝቅ አድርጎ ትንፋሽ ወሰደ።

በመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ግን አንዲት አረፋ ነበረች። ምስር የምታክል። ጽልሞቹ አገኟት። ጥፍራቸውን በዚያች አረፋ ላይ ሰበሰቡ፤ ስንጥቅ እንደ ሸረሪት ድር ተዘረጋ፥ መስተዋቱም በታላቅ ድምፅ ፈረሰ። ሽማግሌው እየጮኸ እንደገና ወደ ጦሩ ተመለሰ።

ትብለጥ መሬት ላይ ወድቃ ነበር፤ መስተዋቱ ስለ ፈረሰ የነፍሷ ግማሽ ተመልሶላት ነበር። ከንፈሯ ገርጥቷል፥ በጆሮ ግንዷ በኩል ያለው ጸጉሯ ሸብቷል። ወለላ ከስብርባሪው አንዱን ቁራጭ አንሥታ፥ እንደ ባለሙያ ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው።

«እስከ ዛሬ ከሠራሽው ሁሉ ይህ ይበልጣል» አለች። ቁራጩን አስቀመጠችው። «ግን አይበቃም።»

በዚያች ሰዓት እንኳ፥ ደሟ ሁሉ በቀዘቀዘባት ሰዓት፥ ቅናት ትብለጥን እንደ እሾህ ወጋት። ለመሞት እንኳ አልበቃችም። «እንደገና ልሞክር» አለች በሹክሹክታ።

«በምን ትንፋሽ?» ወለላ ብረቱን ከእጇ ወሰደች። ፊቷ ላይ ቁጣው ገና ነበር። «ስላንቺ አይደለም የማደርገው፥ እንዳትሳሳቺ። እናቴ ከተማ ውስጥ ናት። ስንወጣ የበሩን መዝጊያ በዳበሳ ነበር የያዘችው፥ አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ይቅር ልልሽ ጊዜ የለኝም። ጊዜ ቢኖረኝ ምናልባት እልሽ ነበር፤ አላውቅም።» ወደ እቶኑ ዞረች። «እሳቱ ወርዷል። ተነሺና ወናፉን ያዢልኝ።»

ትብለጥ በጉልበቷ እየዳኸች ወናፉ ጋ ደረሰች። ያላትን ሁሉ ኃይል በዚያ ላይ አዋለችው። እሳቱ ከቀይ ወደ ብጫ፥ ከብጫ ወደ ነጭ ሄደ። ዕድሜዋን ሙሉ ከወለላ ሥራ ዓይኗን ስትሰብር የኖረች ሴት፥ አሁን ዓይኗን ሳትነቅል አየች። ወለላ አትቸኩልም ነበር። ጽልሞች በጆሮዋ ሥር እያፏጩ፥ ብረቱን በመዳፏ ላይ እንደሚያንቀላፋ ሕፃን በዝግታ አገላበጠችው። አንድ ረጅም ትንፋሽ ብቻ ነፋች። ያ ትንፋሽ አለማለቁ ትብለጥን አስደነቃት፤ ማለቁንም ስታይ ጮኸች።

መስተዋቱ በመስኮቱ ላይ ሲገጠም ያየ የለም። የገጠመው ብርሃኑ ራሱ ይመስላል። ከማዶው ግራጫ ጉም ላይ የፀሐይ ጨረር እንደ ሰይፍ ወረደ፥ ጽልሞችም ድምፅ ሳያሰሙ ከሰሙ። ብረቱ በባዶ መሬት ላይ ወድቆ ተገኘ። ወለላ በዋሻው ውስጥ አልነበረችም።

ትብለጥና አያ ቢተው ቁልቁለቱን ወርደው ሁለት ቀን ተጓዙ። በሦስተኛው ቀን አያ ቢተው ደም የቋጠረ ክንዱን እያሻሸ፥ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ተናገረ።

«እኔ በዚያ ጩኸት መካከል አንድም ቃል አልሰማሁም። ጆሮዬ ደንቁሮ ነበር። የፈለግሽውን ብትናገሪ የሚያስተባብልሽ የለም።»

«ሰምተሃል፥ አያ።»

«ሰምቻለሁ» አለ ሽማግሌው። «ግን እስከ መቃብሬ ደብቄው ልሄድ እችላለሁ። ወጣት ነሽ፤ ገና ብዙ ትኖሪያለሽ።»

ትብለጥ ሐሳቡን በየመንገዱ ሁሉ ይዛው ሄደች። ጣፋጭ ነበር።

የሰማይጌ በሮች ተከፍተው ጠበቋቸው። በየመስኮቱ መስተዋት ፀሐይ ትብለጨለጫለች፥ ሕዝቡም እልል እያለ በየሰገነቱ ቆሟል። ንግሥት ዘምራ ከዙፋኗ ወርዳ ተቀበለቻት፥ በቀኟ ያለውንም ባዶ ወንበር አሳየቻት። «ነጭ ጸጉርሽ ይመሰክርልሻል» አለች። «የተመረጥሽው አንቺ ነሽ። ተቀመጪ።»

የልጅነት ምኞቷ በእጇ ርቀት ላይ ነበር። አባቷም በሕዝቡ መካከል ቆሞ፥ በመጀመሪያ ጊዜ፥ ያንን ፈገግታ ወደ እሷ አዙሮ ፈገግ ብሏል። ትብለጥ አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ንግሥት ሆይ፥ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «የተመረጠችው ወለላ ናት፤ እሷ ሞታለች። እኔ ዋሽቼ ወደ ሞት መርቻታለሁ። ዝርዝሩን ለእርስዎ ከመናገሬ በፊት የምነግራት ሰው አለች። ፍርድዎን ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።»

የአባቷ ፈገግታ ሲጠፋ ዞራ አላየችም። አዳራሹን በጸጥታ ሰንጥቃ ወጣች።

እትዬ ማዘንጊያ በቤቷ ደጃፍ በዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ተመልሷል፤ መንገዱን ስታይ የዋለች ይመስላል። ትብለጥ ብቻዋን ስትመጣ አየቻት፥ ያየችውም በቃት። እጇ ጉልበቷ ላይ ወደቀ።

ትብለጥ በእግሯ ሥር ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻት። ገደሉ ላይ አፏን ከፍታ ዝም ማለቷን፥ ምንጩን፥ እሳት ዳር የተናገረችውን ሐሰተኛ ምስጋና፥ ጥፊውን። የራሷ መስተዋት በአረፋው ምክንያት መፍረሱንም አልደበቀችም።

ሴትዮዋ እስኪያበቃ አዳመጠች።

«በልጅነታችሁ አየሁት» አለች በመጨረሻ። «ልጄ ስታሸንፍ ዓይንሽ ሲቀላ አይ ነበር። ለወንድሜ ልጅህንም አመስግናት ማለት እችል ነበር። አላልኩትም። በሰው ቤት የገባሁ መበለት ነበርኩ፤ ልጄ ከባለቤቶቹ ልጅ ስትበልጥ ልቤ ይሞቀኝ ነበር።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «እጠላሻለሁ፥ ትብለጥ። ለምን ያህል ጊዜ እንደምጠላሽ አላውቅም።»

«አውቃለሁ፥ እትዬ።»

«እንዳትሄጂ። ስትሠራ ያየሻት አንቺ ብቻ ነሽ። ያ ሽማግሌ ስለ መስተዋት ምን ያውቃል? ከመጀመሪያው ንገሪኝ። አሸዋውን እንዴት አቀለጠችው? ብረቱን በየትኛው እጇ ያዘችው?»

ትብለጥ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ስለ ሌላ ሰው ሥራ አሳምራ ተናግራ አታውቅም፤ ቃሉ መጀመሪያ ላይ ከአፏ አልወጣ አላት። ከዚያ ቀስ በቀስ ጀመረች። እሳቱ ስንት ጊዜ ቀለሙን እንደ ቀየረ፥ የቀለጠው መስተዋት ሳይንጠባጠብ እንዴት እንደ ቆየ፥ ጽልሞች በጆሮዋ ሥር እያፏጩ ጣቶቿ እንዳልተንቀጠቀጡ፥ ከእሷ በቀር ማንም ሊያደርገው የማይችለውን ያንን ዝግታ ነገረቻት። ማዘንጊያ ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር። ትብለጥ ትንፋሽ ለመውሰድ ባቆመች ቁጥር፥ ሴትዮዋ ዓይኗን ሳትገልጥ፦

«ከዚያስ?» ትላታለች።